ለኮንዶሚኒየም ቤት የሚሆን ርካሽ ባለ ቲዩብ የጊታር አምፕ የትኛው ነው?

የገርጂ ጊታሪስት፦

ሰላም ለሁላችሁ። በኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ የምጫወትበት ባለ ቲዩብ (በድሮ ሬዲዮ ውስጥ እንደነበሩት ባሉ የመስታወት አምፖሎች ድምፅ የሚያጎላ) የጊታር አምፕ ለመግዛት አስቤያለሁ፤ ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት በጉዳዩ ላይ የቆያችሁ ሰዎች የምታውቁትን እንድታካፍሉኝ እጠይቃለሁ። ጊታሬ ሦስት ሲንግል ኮይል ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚቀበል፣ ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ ማግኔት) ያለው የስትራቶካስተር ዓይነት ነው። አሁን የምጠቀምበት ባለ 10 ዋት ትራንዚስተር አምፕ ለልምምድ ያህል ይበቃል፤ ሆኖም ክሩን በቀስታ ብነካውም በኃይል ብመታውም የድምፁ መጠን እንጂ ባሕርዩ ስለማይለወጥ፣ በተለይ ትዝታና ባቲ ስጫወት ጣቴ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ከስፒከሩ አይወጣም። የምፈልገው፣ የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ጊታሪስት የነበረው ሰላም ወልደማርያም የሚያሰማውን የመሰለ ጥርት ያለ ድምፅ ሆኖ፣ ጠንከር አድርጌ ስመታው ብቻ ጠርዙ ሻከር የሚል ነው። ከባድ ዲስቶርሽን (የድምፅ መሻከር) አልፈልግም፤ ካስፈለገኝም ፔዳል (በእግር የሚረገጥ የድምፅ መለወጫ) አለኝ።

ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው ብሎኬት በመሆኑ የጎረቤቴ ቴሌቪዥን እኔ ቤት ድረስ ይሰማል፤ የምጫወተውም ከሥራ በኋላ ማታ ማታ ነው። በጀቴ 400 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ትራንስፎርመር የሚያስፈልግ ከሆነ የእሱም ዋጋ ከዚሁ ላይ ይወጣል። አምፑን ለገና ስትመጣ ይዛልኝ የምትመጣው በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖረው እኅቴ ናት። ፍራንክፈርት ያለው የአጎቴ ልጅም በዓሉን እዚህ እንደሚያሳልፍ ነግሮኛል፤ ስለዚህ ከሁለቱ አገሮች በአንዱ ማስገዛት እችላለሁ።

እስካሁን ዓይኔን የጣልኩባቸው ፌንደር ብሉዝ ጁኒየር፣ ቮክስ ኤሲ 4 ቲቪ፣ ቡገራ ቪ 5 እና ብላክስታር ኤችቲ 1 ናቸው። ብዙ ሰው ብሉዝ ጁኒየርን ያመሰግነዋል፤ 15 ዋት ደግሞ አሁን ካለኝ 10 ዋት ብዙም ስለማይርቅ ለቤት የሚከብድ አይመስለኝም። ይህ ግምቴ ትክክል ነው? ከአሜሪካ የመጣ አምፕ በትራንስፎርመር ሲሠራ ይጎዳል? ቲዩቡ ሲደክምስ እዚህ ምን ይደረጋል?

ብሉዝ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ወንድሜ፣ ስለ ዋቱ ያለህ ግምት ብዙዎችን የሚያሳስት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። አንተ ያለህ ዓይነት የልምምድ አምፕ ትንሽና ደካማ ስፒከር አለው፤ ብሉዝ ጁኒየር ግን ባለ 12 ኢንች ስፒከር ሲሆን፣ ከበሮ ካለበት ትንሽ ባንድ ጋር መድረክ ላይ የሚወጣ አምፕ ነው። በዚያ ላይ የትራንዚስተር አምፕ ከተጻፈለት ኃይል ሲያልፍ ድምፁ በድንገት ስለሚበላሽ ሰው ከዚያ በታች ይጠቀምበታል፤ ቲዩብ ግን ወሰኑን የሚያልፈው ቀስ በቀስና ለጆሮ በሚጥም መንገድ በመሆኑ እስከ ጫፉ፣ አንዳንዴም ከጫፉ በላይ፣ ይጫወቱበታል።

ጆሮ ደግሞ ዋትን እንደ ቁጥሩ አይቆጥርም። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ 10 ጊዜ ያህል ማደግ አለበት። በዚህ ስሌት በ15 ዋትና በ5 ዋት መካከል ያለው ልዩነት 5 ዴሲቤል እንኳን አይሞላም፤ ማለትም ወደ 5 ዋት በመውረድ ብቻ ጎረቤትህ አይተኛም። ጥሩ የጊታር ስፒከር በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት ከ97 እስከ 100 ዴሲቤል ይሰጣል፤ በአንድ ዋት አንድ አሥረኛ እንኳን 90 ዴሲቤል አካባቢ ይደርሳል፣ ይህም ሳሎን ውስጥ ከፍ ካለ ንግግር በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ ለአንተ ዋናው ጥያቄ 5 ወይስ 15 ዋት የሚለው ሳይሆን፣ አምፑ ከአንድ ዋት በታች ሲወርድ ድምፁ ምን ይሆናል የሚለው ነው።

ብሉዝ ጁኒየር ማስተር ቮሊዩም (የመጨረሻውን የድምፅ መጠን የሚወስን ቁልፍ) ስላለው ዝቅ ማድረግ ይቻላል። እኔም እዚህ ሜሪላንድ በምኖርበት አፓርትመንት እንዲህ አድርጌ እጫወትበታለሁ፤ ነገር ግን ማስተሩ ያን ያህል ሲዘጋ የሚሠራው የመጀመሪያው ክፍል፣ ማለትም 12 ኤኤክስ 7 የተባሉት ትንንሾቹ ቲዩቦች ብቻ ናቸው። ኃይሉን የሚሰጡት ሁለቱ ኢኤል 84 ቲዩቦች ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ። አንተ የምትለው የጣት ስሜት በብዛት የሚመጣው ግን የኃይሉ ቲዩብ ወሰኑ ጋ ሲጠጋ ነው። በአንድ ኢኤል 84 ብቻ የሚሠሩት ባለ 4 እና ባለ 5 ዋት አምፖች እዚያ ወሰን ቶሎ ይደርሳሉ፤ ኃይል መቀነሻ ሲኖራቸው ደግሞ ይህንን ለጎረቤት በሚታገሥ መጠን ማግኘት ይቻላል። ቮክስ ኤሲ 4 ቲቪ ከ4 ዋት ወደ 1 እና ወደ ሩብ ዋት ይወርዳል፤ ቡገራ ቪ 5 ደግሞ ከ5 ወደ 1 እና ወደ 0.1 ዋት።

ሁለቱን ሳወዳድራቸው፣ በድምፅ ጥራት ቮክሱን እመርጣለሁ፤ ስፒከሩ 10 ኢንች ስለሆነ የቡገራው 8 ኢንች ያለበት የሣጥን ድምፅ የለውም። ቮክሱ ግን ከፋብሪካ መውጣቱን ስላቆመ የሚገኘው ያገለገለው ነው፤ ሪቨርብም (ድምፁን የሚያስተጋባ ክፍልም) ሆነ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ የለውም። ቡገራው ሁለቱም አሉት፤ ለማታ ተጫዋች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ብላክስታር ኤችቲ 1 መጥፎ ዕቃ ባይሆንም፣ በኃይል ክፍሉ ኢኤል 84 ሳይሆን ኢሲሲ 82 የተባለ ትንሽ ቲዩብ ነው ያለው፤ ጠባዩም ወደ ዲስቶርሽን ያዘነበለ በመሆኑ አንተ ለገለጽከው ጥርት ያለ ድምፅ የመጀመሪያ ምርጫዬ አይሆንም።

«ቲዩብ» የሚል ጽሑፍ ብቻ አይተህ አትግዛ። ኦሬንጅ ማይክሮ ቴረር ከፊት አንድ ቲዩብ አለው፣ ኃይሉን የሚሰጠው ግን ትራንዚስተር ነው። ፌንደር ሱፐር ቻምፕ ኤክስ 2 በተቃራኒው ኃይሉ ከቲዩብ ሆኖ ከፊቱ ያለው ዲጂታል ነው። ሁለቱም ጥሩ ዕቃዎች ናቸው፤ አንተ የምትፈልገውን ግን አይሰጡህም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ጆሯችን በዝቅተኛ ድምፅ ላይ ባሱንና የላይኛውን ድምፅ በሚገባ እንደማይሰማ፣ ፍሌቸርና ሙንሰን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 አሳይተዋል። ስለዚህ ቶኑን ቀን ከፍ አድርገህ ስትጫወት ካስተካከልከው ማታ ቀጭን ሆኖ ይሰማሃል፤ በምትጫወትበት መጠን ላይ ሆነህ አስተካክለው።

ሬዲዮ ጠጋኙ ከአዳማ፦

ስለ ድምፁ ከላይ የተባለው በቂ ስለሆነ እኔ ስለ መብራቱ ልናገር፤ ምክንያቱም በአገራችን ባለ ቲዩብ ዕቃ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ በመብራት ነው።

አሜሪካ የሚሸጠው አምፕ የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው። የእኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ቮልቱን በትራንስፎርመር መቀነስ ይቻላል፤ ኸርዙን ግን ተራ ትራንስፎርመር አይለውጠውም። ለ60 የተሠራ የአምፕ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ብረቱ የሚሸከመው መግነጢስ በ20 በመቶ ይጨምራል፤ ትርፍ ተደርጎ ካልተሠራ ይሞቃል፣ ያጉረመርማል። ደግነቱ ገበያ ላይ የሚገኘው መቀነሻ በአብዛኛው 110 ቮልት የሚያወጣ ነው፤ ለ120 የተሠራው አምፕ 110 ሲያገኝ የብረቱ ጫና ወደ 10 በመቶ ዝቅ ይላል። ስለዚህ «120 የሚሰጥ ፈልጌ አጣሁ» ብለህ አትዘን፤ ለእኛ ኸርዝ 110ሩ ይሻላል። ባለ 5 ዋት አምፕ ከግድግዳ የሚስበው ከሚያወጣው ብዙ እጥፍ ነው፤ የቲዩቡ ማሞቂያ ክር ብቻውን ለአንድ ኢኤል 84 ወደ 5 ዋት ይበላልና። ስለዚህ መቀነሻህ 200 ወይም 300 ዋት የሚችል፣ ስታነሣው ክብደቱ የሚታወቅ የብረትና የመዳብ ይሁን። ለመንገደኛ የሚሸጠው ቀላል የኤሌክትሮኒክስ መቀነሻ ለፀጉር ማድረቂያ እንጂ ለአምፕ አይሆንም።

ይህ ሁሉ ግን የአጎትህ ልጅ ጀርመን ባይኖር ኖሮ የሚያስፈልግ ነበር። ጀርመን 230 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ ከእኛ ጋር የሚለያየው በ10 ቮልት ብቻ ነው። የቲዩቡ ማሞቂያ ክር የሚፈልገው 6.3 ቮልት ሲሆን፣ ለ230 የተሠራ አምፕ እኛ 220 ላይ ሲሰካ ክሩ 6 ቮልት ገደማ ያገኛል፤ ይህ ቲዩቡ በሚገባ የሚችለው ልዩነት ነው። ሶኬቱም ያለ መቀየሪያ ይገባል። ዋጋው በዩሮ ትንሽ ቢበልጥም የትራንስፎርመሩን ገንዘብና ክብደት ስለምታተርፍ ከፍራንክፈርት አስገዛ፤ በዚህ ላይ አላመነታም። ዱባይ ዘመድ ያላችሁ ሌሎች አንባቢዎችም ብትሆኑ መስመሩ ያው 230 እና 50 ነው።

ቀጥሎ የመብራቱ መዋዠቅ ነው። ቮልቱ ወደ 180 ሲወርድ ያ ክር 5 ቮልት ገደማ ብቻ ስለሚያገኝ ድምፁ ይደክማል፤ ሲወጣ ደግሞ የቲዩቡና የኮንደንሰሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ዕድሜ ያጥራል። ለፍሪጅ የሚሸጠው ስታብላይዘር ለዚህ ይበቃል፤ በተለይ መብራት ሄዶ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቅ ዓይነት ከሆነ። መብራት ከሄደብህ አምፑን ወዲያው አጥፋና ከሶኬት ንቀል፤ ሲመለስ የሚመጣው የመጀመሪያው ግፊት ነው ፊውዝና ትራንስፎርመር የሚበላው። በርካሽ ኢንቨርተር አታሠራው፤ የሚያወጣው ሞገድ የተቆራረጠ ስለሆነ ስፒከሩ ላይ ንብ እንደገባበት ይጮኻል።

ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ የመከላከያ መስመር) የሌለው ሶኬት ሲንግል ኮይል ጊታር ላለው ሰው ሁለት ጊዜ ጉዳት ነው፤ ጩኸቱን ያበዛዋል፣ አደጋም አለው። የአምፕ ብረት ሣጥንና የጊታርህ ክር በአንድ ሽቦ የተያያዙ መሆናቸውን አስብ። ጩኸት ይቀንሳል ብሎ የኧርዙን መስመር እንድትቆርጥ የሚመክርህን ሰው አትስማ። ክዳኑንም ራስህ አትክፈት፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኮንደንሰሩ 300 ቮልት የሚያህል ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ስለ ቲዩቡ ጠይቀሃል። ኢኤል 84 እና 12 ኤኤክስ 7 ዛሬም ስሎቫኪያ፣ ሩሲያና ቻይና ውስጥ ይመረታሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የሩሲያው አቅርቦት ሲታወክ ዋጋው በዓለም ዙሪያ ቢወደድም ገበያው አልጠፋም። እዚህ መደብር ዞረህ አገኛለሁ ብለህ ግን ተስፋ አታድርግ፤ አምፑ ሲመጣ አንድ ኢኤል 84 እና አንድ 12 ኤኤክስ 7 መጠባበቂያ አብሮ ይምጣ። ትንሹ ቲዩብ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል፤ ቶሎ የሚደክመው የኃይሉ ነው። ባለ አንድ ኢኤል 84 አምፕ እዚህም ላይ ይጠቅምሃል፦ እንደ ብሉዝ ጁኒየር ሁለት የተጣጣሙ ቲዩቦች መፈለግ የለብህም፤ አጥፍተህ፣ እስኪበርድ ጠብቀህ፣ አሮጌውን ነቅለህ አዲሱን መሰካት ብቻ ነው።

ሊድ ጊታር ከሐዋሳ፦

ሐሳብዎን ላለመቃወም ብፈልግም፣ ማታ ብቻ የሚጫወት፣ ግድግዳው የሚያስተላልፍ፣ መብራቱም የሚቆራረጥ ሰው ባለ ቲዩብ አምፕ ለምን እንደሚያስፈልገው አልገባኝም። እኔ ባለ ቲዩብ አምፕ ነበረኝ፤ ቀን፣ ጎረቤት በሌለበት ሰዓት፣ የሚስተካከለው አልነበረም። ማታ በሩብ ዋት ስጫወትበት ግን ስፒከሩ ራሱ ስለማይንቀሳቀስ፣ የኃይሉ ቲዩብ የፈለገውን ያህል ቢሠራ፣ የሚሰማኝ ድምፅ ከጥሩ ዲጂታል አምፕ የሚለየው በጥቂቱ ነበር። ስለዚህ ሸጥኩት፤ አልጸጸትም።

ቦስ ካታና 50 ኃይሉ ወደ ግማሽ ዋት ይወርዳል፣ የጆሮ ማዳመጫም አለው፤ የጣት ልዩነትንም አሁን ካለዎት አምፕ እጅግ በተሻለ ሁኔታ ያሳያል። የያማሃ ቲኤችአር 10 የመጀመሪያው ሞዴል ደግሞ በ8 ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ በመሆኑ መብራት ሲሄድ ልምምድዎ አይቋረጥም። ሁለቱም ቲዩብ ስለሌላቸው ለመብራት መዋዠቅ ያን ያህል አይጨነቁም፤ ሻንጣ ውስጥም ሳይሰጉ ይገባሉ። የቲዩብ ድምፅ ከልብዎ ከገባ አልከለክልም፤ ቢያንስ ግን የአጎትዎ ልጅ ሁለቱን ዓይነት እዚያው መደብር ውስጥ፣ በሹክሹክታ መጠን፣ ጎን ለጎን ይሞክርልዎት። መደብር ውስጥ ሰው ሁሉ ከፍ አድርጎ ስለሚሞክር ነው ቲዩብ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው።

ብሉዝ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

የሐዋሳዋ እኅታችን ስለ ስፒከሩ የተናገረችው እውነት ነው፤ ኃይል መቀነሻ የስፒከሩን እንቅስቃሴ አይመልስም። የማልስማማው ልዩነቱ ጥቂት ነው በሚለው ላይ ነው። በከባድ ዲስቶርሽን ለሚጫወት ሰው ልዩነቱ በእርግጥ ጥቂት ነው፤ ጠያቂው ግን ጥርት ባለና ገና ሊሻክር በጀመረ ድምፅ መካከል መመላለስ ነው የሚፈልገው፤ ዲጂታሎቹ የሚቸገሩትም፣ ቢያንስ በዚህ ዋጋ፣ እዚያች ድንበር ላይ ነው። አንድ ኖታ ይዞ እየሞተ እስኪሄድ ማዳመጥ ልዩነቱን ያሳያል፤ ትዝታ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ረጅም ኖታ የሞላበት ቅኝት ነው።

የገርጂ ጊታሪስት፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ብሉዝ ጁኒየርን ትቼዋለሁ፤ የሚገዛውም ከፍራንክፈርት እንዲሆን ወስኛለሁ። የአጎቴ ልጅ በአቅራቢያው ሁለት ዕቃ አግኝቷል፦ አንድ አዲስ ቡገራ ቪ 5 እና ከግለሰብ የሚሸጥ አንድ ያገለገለ ቮክስ ኤሲ 4 ቲቪ። ሁለቱም ከመጠባበቂያ ቲዩብ ጋር ከበጀቴ በታች ናቸው። ወደ ሐዋሳዋ እኅቴ ምክር ስመለስ፣ ማታ ማታ በጆሮ ማዳመጫ መጫወት የሚኖርብኝ ጊዜ መኖሩን አልክድም፤ ለዚያ ግን ያለኝ ትራንዚስተር አምፕ መሰኪያ ስላለው እሱን አልሸጠውም። ስለዚህ ልቤ ወደ ቮክሱ አዘንብሏል። ጋሼ፣ ያገለገለ ባለ ቲዩብ አምፕ ሲገዛ ምን መታየት አለበት? በሻንጣስ እንዴት ይምጣ?

ሬዲዮ ጠጋኙ ከአዳማ፦

ከሁሉ በፊት ከጀርባው የተጻፈውን ቮልት በፎቶ ያንሣልህ፤ ጀርመን ውስጥ የሚሸጥ ዕቃ ሁሉ የጀርመን አይደለም፣ ወታደርና ተማሪ ከአሜሪካ ይዞት የመጣም ይኖራል። 230 ካልተጻፈበት ይተወው። ከዚያ ሻጩ ቤት ሄዶ ሩብ ሰዓት ያህል አብርቶ ያቆየው፤ ብዙ ብልሽት የሚታየው ዕቃው ሲሞቅ ነው። ጊታር ሳይሰካ ቮሊዩሙን ሲከፍት የሚሰማው ሹክሹክታና ቀጭን ጉርምርምታ የተለመደ ነው፤ እየጨመረ የሚሄድ ከባድ ጉርምርምታ ግን ብዙ ጊዜ የደከመ ኮንደንሰር ምልክት ነው። የአምፑን ኃይል መቀነሻ በሦስቱም ቦታ ላይ ይሞክረው። ቲዩቦቹን በእርሳስ ጎማ በቀስታ ነካ ነካ ሲያደርጋቸው እንደ ደወል የሚጮኽ ካለ እሱ መቀየር አለበት፤ ይህ ዋጋ ለማስቀነስ እንጂ ዕቃውን ለመተው ምክንያት አይሆንም። የኃይሉ ቲዩብ ብረቱ ቀልቶ ከታየ ግን ወዲያው ያጥፋው፣ አይግዛውም።

ለጉዞ ሁለቱን ቲዩቦች ነቅሎ፣ እያንዳንዳቸውን በካልሲ ጠቅልሎ በእጅ ሻንጣው ይያዛቸው፤ የትኛው ከየት እንደተነቀለ ፎቶ ያንሣ። አምፑን የስፒከሩ ፊት ወደ ልብስ እንዲዞር አድርጎ መሐል ላይ ያስቀምጠው፤ ጠንካራ ነገር ከፊቱ አይሁን። እዚህ ሲደርስ በዚያው ዕለት አትሰካው፤ ከቀዝቃዛ አገርና ከአውሮፕላን ሆድ የወጣ ዕቃ ጤዛ ይይዛልና እስከ ማግሥቱ ቤት ውስጥ ይደር። ቲዩቦቹን መልስ፣ የስፒከሩ ገመድ መሰካቱን እርግጠኛ ሁን፤ ባለ ቲዩብ አምፕ ያለ ስፒከር ከበራ የመውጫ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል፣ የእሱ ዋጋ ደግሞ የአምፑን ግማሽ ሊያህል ይችላል። የመጀመሪያውን ጊዜ ብቻ ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖል በተከታታይ በተገናኘበት ሶኬት አብራው፤ አምፖሉ ለአፍታ ደምቆ ከደበዘዘ ደህና ነው፣ እንደደመቀ ከቀረ ግን ውስጡ የተነካካ ሽቦ አለና ነቅለህ ለቴክኒሻን አሳየው። ያን ሶኬት መሥራት ካልቻልክ በአቅራቢያህ ያለ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ውሰደው፤ የቆዩት ሁሉ በጠረጴዛቸው ላይ አያጡትም።

ሊድ ጊታር ከሐዋሳ፦

ቮክሱን ከወሰዱ አንድ ተጨማሪ ነገር ልንገርዎት። ሪቨርብ ስለሌለው ጥርት ባለ ድምፅ ትዝታ ሲጫወቱ ደረቅ ይሆንብዎታል፤ ስለዚህ ከበጀትዎ የሚተርፈውን በትንሽ የሪቨርብ ፔዳል ላይ ያውሉት። አምፑ መሬት ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ባሱ በወለሉ በኩል ወደ ታችኛው ፎቅ ስለሚወርድ፣ ወንበር ላይ አድርገው ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ያንጥፉበት።